እርማት፦ የፊንላንድኛ «ፔርፌክቲ» ያለቀ ድርጊት ማለት አይደለም

«በፊንላንድኛ ፔርፌክቲ የተባለው የግስ ጊዜ ያለቀን፣ ኢምፔርፌክቲ የተባለው ደግሞ ያላለቀን ድርጊት ይገልጻል» የሚለው ማብራሪያ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ከላቲን ሰዋስው የተወረሱት ስሞች ናቸው የሚያሳስቱት። ኢምፔርፌክቲ ተራው የኃላፊ ጊዜ ሲሆን፣ በአንድ ባለፈ ወቅት ተጀምሮ የተዘጋ ድርጊት የሚነገረው በአብዛኛው በእሱ ነው፤ ፔርፌክቲ ግን ያለፈውን ከአሁኑ ጋር ያያይዛል። «አሱይን ሄልሲንጊሳ ኮልሜ ቩኦታ» ያለ ሰው ሄልሲንኪ 3 ዓመት ኖሮ ለቅቋል፤ «ኦሌን አሱኑት ሄልሲንጊሳ ኮልሜ ቩኦታ» ያለው ግን በተለመደው አረዳድ ዛሬም እዚያው ነዋሪ ነው፤ ስለዚህ በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለቱን ያምታታ አመልካች ጠያቂውን ያሳስታል።

አመሠራረቱ ብዙም አያስቸግርም፤ «ኦላ» (መሆን) የተባለው ግስ በአሁን ጊዜ ይረባና ዋናው ግስ «አሱኑት» በሚለው ዓይነት ቅርጽ ይከተለዋል፤ ባለቤቱ ብዙ ቁጥር ሲሆን «ኦሌሜ አሱኔት» (ኖረናል) ይባላል። በአፍ ንግግር «ኦን አሱኑ» ተብሎ ተቆርጦ ቢሰማም ያው ፔርፌክቲ ነው።

ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው አሉታው ነው፤ «ኤን አሱኑት» (አልኖርኩም) ፔርፌክቲ ቢመስልም የኢምፔርፌክቲ አሉታ ሲሆን፣ የፔርፌክቲው አሉታ «ኤን ኦሌ አሱኑት» ነው።