ናፍቆት ብቻ አይደለም
«የመዝናኛ ፓርክ ቀለም ሲቀየር አድናቂው የሚጮኸው የልጅነት ትዝታው ስለተነካ ብቻ ነው» የሚለው፣ ስለ ፓርኮች አዲስ ቀለም ያነበብነው የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አልተዋጠልኝም። የካሊፎርኒያውን ዲዝኒላንድ እንይ። የወደፊቱን ዘመን ያሳያል የተባለውን ቱሞሮውላንድን እ.ኤ.አ. በ1998 ነሐስማና ቡናማ ቀለም ለቀለቁት። ስፔስ ማውንቴን የተባለው፣ በነጭ ጉልላት ውስጥ የሚጋልበው የመዝናኛ ባቡር ቤት እንኳ ነጭነቱን አጣ። ሰው አጉረመረመ። በ2005 ፓርኩ 50 ዓመት ሲሞላው ግን ጉልላቱ ተመልሶ ነጭ ሆኖ ነበር። ታዲያ ይሄ ናፍቆት ነው? የነገ ዓለም የተባለ ቦታ የዛገ ብረት ከመሰለ እኮ መጀመሪያ ቀን የመጣ እንግዳም ያየዋል! ከላይ በአስተያየትህ «ቀለም ቀለም ነው፣ ምን አካበዳችሁ» ላልከው ወንድሜ፦ እኔ እንጀራዬ ቀለም ቅብ ነው። ጠቆር ያለ ቀለም ፀሐይ ላይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ብዙው ቀይ ደግሞ ቶሎ ይገረጣል። ያልተፋቀ ብረት ላይ ከደረብክበትማ አለቀልህ። የፓርክ የብረት መደገፊያ ላይ እጅ የሚበዛበትን ጠርዝ ጠጋ ብለህ እየው፤ የድሮው ቀለም ብቅ የሚለው እዚያ ነው። ጽሑፉ ያነሳውን አዲሱን ቀለም ግን በአንድ የቀትር ፎቶ አልፈርድበትም። ማታ መብራት ሲያርፍበት ልየውና እመለሳለሁ።