የፊት ፍሬን አትፍሩት

ወንድሞቼ ኮመንት ላይ ብዙ ሰው ስለ ሞተር ሳይክል «የፊት ፍሬን አትንኩ ይገለብጣችኋል፣ የኋላው ብቻ ይበቃል» እያለ ነው፣ ለሰው አስባችሁ እንደሆነ ይገባኛል ግን ልክ አይደለም። ሞተር ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የፊት ጎማ መሬቱን ጥብቅ አርጎ ሲይዝ የኋላው ይቀላል፣ ስለዚህ አብዛኛውን የማቆም ስራ የሚሰራው የፊቱ ነው። የኋላውን ብቻ የረገጠ ሰው ጎማው ቀጥ ብሎ እየተንሸራተተ ፊቱ የቆመው ሚኒባስ ውስጥ ይገባል። የሚጥለው የፊቱን በድንገት ጭምድድ አርጎ መያዝ ነው፣ በተለይ ኩርባና አሸዋ ላይ፤ በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ጀምሩና ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ጨምሩ። ለማረጋገጥ መኪና የሌለበት ደረቅ አስፋልት ላይ ሄልሜት አርጋችሁ መሬቱን በኖራ ምልክት አርጉ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንዴ በኋላው ብቻ አንዴ በሁለቱም ቁሙና ርቀቱን በእርምጃ ለኩት።