ማስተካከያ፦ ስለ 557ቱ ቀናት

ለፒያሳና ለአራት ኪሎ አስታማሚ ቤተሰቦች ባደልነው ጽሑፍ «የሜሪ ሚተልማን ምክር የመርሳት ሕመምን በ557 ቀን ያዘገያል» ብለን ነበር። ስህተት ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ባላቸውን ወይም ሚስታቸውን የሚያስታምሙ 406 ሰዎችን ይዘው በ2006 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ያወጡት ውጤት፣ የዘገየው ታማሚው ወደ መንከባከቢያ ተቋም የሚገባበት ጊዜ ነው ይላል። ምክሩ የሚያበረታው አስታማሚውን እንጂ ሕመሙን አይገታም።

ምክሩ «ከታማሚው ጋር ስድስት ውይይት» ነው ያልነውም ይታረም። ሁለቱ ከዋናው አስታማሚ ጋር ብቻ፣ አራቱ እሱ ከመረጣቸው ዘመዶች ጋር ነው፤ ታማሚው አይገባም። ከዚያ የድጋፍ ቡድንና ሲጨንቅ የሚደወልበት ስልክ ይቀጥላል። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንኑ ነው፤ ችግሩ ግን ከስድስተኛው ቀጠሮ በኋላም መልኩን ይለዋውጣል።

እዚህ ተቋሙ እምብዛም ስለሌለ ቁጥሩ እንዳለ አይገለበጥም። የሚጠቅመን የዘመዶቹ ስብሰባ ነው። ቡና ላይ «አግዙኝ» ማለት አይበቃም፦ ማክሰኞ ሌሊት ማን ያድራል፣ ገላቸውን ማን ያጥባል፣ ለዳይፐር ማን ስንት ያዋጣል፣ በስም ይጻፍ። እማማ በገዛ ሳሎናቸው «ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉ ምን እንደሚመለስም እዚያው ተስማሙ። አንዱ «ቤትዎ እኮ ነው» እያለ ከተከራከረ ይብስባቸዋል፤ ይልቅ ስለዚያ ቤት ይጠየቁ፣ ማን እንደነበረበት ያውሩ።