ክርክር፦ ብረት ለመግፋት 40 ደቂቃ ይበቃል?

ሁለቱ ተከራካሪዎች ስፖርት የሚሠሩት ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አንድ ጂም ነው። ጭቅጭቁ የተነሳውም እዚያው ቤንቹ (ተንጋለው ብረት የሚገፉበት አግዳሚ) አጠገብ ነው። በአፍ አልበርድ ስላለ በጽሑፍ ይጨርሱት አልን። እሷ “40 ደቂቃ ይበቃል” ባይ ናት፤ በምሳ ሰዓት የምትመጣ የቢሮ ሠራተኛ። እሳቸው ጡረተኛ ናቸው፤ አይበቃም ይላሉ።

የምሳ ሰዓቷ፦
ከቢሮ የምወጣው 6 ሰዓት ተኩል ነው። 7 ሰዓት ተኩል ወንበሬ ላይ መገኘት አለብኝ። መንገዱ፣ ልብስ መቀየሩና መታጠቡ ሲቀነስ 40 ደቂቃ እንኳ አይተርፈኝም። በዚያችው በሳምንት ሁለት ቀን እሠራለሁ። ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ)፣ ቤንች፣ ጀርባ። አለቀ። “የክንድ ቀን” የሚባል ነገር የለኝም፤ ቤንች ስገፋ ክንዴም ትከሻዬም አብረው ይሠራሉ። ትሬድሚል ላይ 15 ደቂቃ አልንሸራሸርም፤ በባዶው ብረት አንድ ዙር አሟሙቄ እገባለሁ። ቤንችና ጀርባን ደግሞ አጣምራለሁ፤ አንድ ዙር እዚህ፣ አንድ ዙር እዚያ። ከራሴ አላመጣሁትም። የኖርዌይ ተመራማሪዎች ከአንድ አሜሪካዊ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 ስፖርትስ ሜዲሲን መጽሔት ላይ ጽፈውታል። ለአንድ ጡንቻ በሳምንት ቢያንስ 4 ዙር፤ በየዙሩ ከ6 እስከ 15 ጊዜ። ማጣመር ጊዜውን በግማሽ ገደማ ይቆርጣል ይላሉ። እኛ ጂም ግን አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ 20 ደቂቃ የማይሠራ ሞልቷል። ስልክ፣ ወሬ፣ መስታወት። እረፍት የሰነፍ ነው።

ጡረተኛው፦
“እረፍት የሰነፍ ነው።” መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ልጄ፣ እረፍት የሥራው ግማሽ ነው። ከከባድ ዙር በኋላ ጡንቻ ያወጣውን ጉልበት መልሶ እስኪሞላ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ያ ያልሽው አሜሪካዊ ብራድ ሾንፌልድ ነው። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ብረት የለመዱ 21 ወጣቶችን ለሁለት ከፍሎ 8 ሳምንት አሠርቷል። ግማሹ በየዙሩ መሃል 1 ደቂቃ አረፈ፣ ግማሹ 3 ደቂቃ። በስኳትም በቤንችም የበለጠ የጠነከሩት ባለ 3 ደቂቃዎቹ ናቸው። ሰነፎቹ ማለት ነው! ደግሞስ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ትንፋሽ እንደ አዳማ ቶሎ አይመለስም። ለጤናው የሚያስብ ሰው ጊዜ አያጣም።

የምሳ ሰዓቷ፦
ጋሼ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም። 34 ዓመቴ ነው፤ የራሴ ልጅ አለኝ። ከፍታውንም ይተዉት፤ ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው፣ ሌላ አየር አላውቅም። “ለጤናው የሚያስብ ሰው ጊዜ አያጣም” ላሉት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስታዲየም ታክሲ ሰልፍ ቆመው ያውቃሉ? ከፊትዎ አርባ ሰው፣ ስልክዎ ላይ “እማዬ የት ደረስሽ” የሚል ልጅ። ጊዜ የማያጣው ለጤናው ያሰበ አይደለም፤ ጡረታ የወጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 መመሪያው ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት 2 ቀንና ከዚያ በላይ ሥሩ አለ እንጂ ቤንች ላይ ቁጭ በሉ አላለም። 3 ደቂቃ ላሉት፣ ደረቴ ሲያርፍ ጀርባዬ ይሠራል። ዞሬ ቤንቹ ጋ እስክመለስ 3 ደቂቃው ሊሞላ ነው።

ጡረተኛው፦
ጡረታዬም ስድብ ሆነ። 31 ዓመት ሠርቼ ያገኘሁት ጊዜ ነው፤ ማንም አልመጸወተኝም። ይሁን፣ እህቴ ልበልሽ። “እረፍት የሰነፍ ነው” የት ገባ? አሁን ደረትሽ እያረፈ ነው። ሰነፍ ደረት! ያው ጥናትሽ ማጣመሩ ጡንቻ ለማሳደግ እንጂ ለጉልበት ያን ያህል እንዳልሆነም ይናገራል፤ እሷን ዘለልሻት። “አጣምራለሁ” ስትይስ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይወቀው። የጀርባ መሥሪያው ኬብል ላይ ጃኬት፣ ቤንቹ ላይ የውሃ ላስቲክ። በምሳ ሰዓት፣ አንድ ሰው ሁለት መሣሪያ ይዞ! ባለፈው ማክሰኞ ሦስት ሆነን ቆመን ጠበቅንሽ። ያተረፍሽው 20 ደቂቃ ከየት የመጣ ይመስልሻል? ከእኛ ነው።

የምሳ ሰዓቷ፦
ወደ ማክሰኞ መጣን? ጥሩ። ማክሰኞ ቤንቹ ላይ ተዘርግቶ የነበረው ሰማያዊ ፎጣ የማን ነው? እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ያወሩ ነበር። በስልኬ ቆጥሬዋለሁ፤ 11 ደቂቃ። ሾንፌልድ 11 ደቂቃ አለ? አጥፌ ወንበር ላይ አስቀምጬልዎ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ጡረተኛው፦
አጥፋ ትላለች። እኔ ያገኘሁት ጫማ መደርደሪያው ሥር ነው። ሴት ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝ ፎጣ ነው። በሩ ላይ ያወራሁት ሰው ደግሞ 40 ዓመት በአንድ ግቢ የኖርን ጎረቤቴ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ እሱ ከተማው ዳር ገላን ጉራ ሄደ፣ እኔ አራት ኪሎ እህቴ ጋ ገባሁ። አሁን የምንገናኘው እዚያች ጂም በር ላይ ብቻ ነው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ። እሱንም በስልክሽ ቆጠርሽው። ካዛንቺስ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ ያልሽው አንቺ ነሽ።

የምሳ ሰዓቷ፦
ጎረቤትዎ መሆናቸውን አላወቅኩም፤ ይቅርታ። የእናቴም ቤት ከፈረሱት አንዱ ነው። ወንበሩ ላይ ግን አስቀምጬዋለሁ፤ ከዚያ ማን እንደጣለው እንጃ። ማክሰኞ ቤንቹን በተራ እንያዘው። እርስዎ 3 ደቂቃዎን ሲያርፉ እኔ አንድ ዙር እገፋለሁ። ፎጣውን ትከሻዎ ላይ ያድርጉት።

ጡረተኛው፦
እኔ 60 ኪሎ ነው የምገፋው፣ አንቺ 30። በየዙሩ ብረት ማውጣትና ማስገባቱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እሱንም ቁጠሪው።