ጥሩ የሸክላ ሥልጠና ባዶ እጅ ይመልሳል

የቅዳሜና እሁድ የሸክላ ሥልጠና ማስታወቂያዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ተስፋ ይሰጣሉ። አንደኛው፣ ቅዳሜ ጠዋት ምንም ሳያውቁ ገብተው እሁድ ማታ በእጅዎ የሠሩትን ስኒ ይዘው መውጣትዎ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሥራና በኑሮ ውጣ ውረድ የተዳፈነው የመፍጠር ፍላጎትዎ ዳግም መቀስቀሱ። ሁለተኛው ይሆናል፤ ብዙ ሰው ላይም ሆኗል። የመጀመሪያው ግን ከጭቃው ባሕርይ ጋር የተጣላ ነው፤ እሱን ለመፈጸም የሚደረገው ጥድፊያም ሁለተኛውን ይገድለዋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የግድግዳው ውፍረት ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኒ በፕላስቲክ ተከልሎ ቀስ እያለ ሲደርቅ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። ከዚያ የመጀመሪያውን እሳት ያያል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለመድረስ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል፤ ለመቀዝቀዝ ደግሞ ያንኑ ያህል ወይም ከዚያ በላይ። ቀጥሎ መስታወት መሰሉ ልባስ ይቀባና ሁለተኛ እሳት ይገባል። ምድጃው እስኪሞላ የሚጠበቀው ጊዜ ሲጨመር ሦስት ሳምንት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታዲያ እሁድ ማታ በስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚወጣው ስኒ ምንድን ነው?

አንዳንዴ እሳት የማይፈልግ፣ በአየር ብቻ የሚደርቅ ጭቃ ነው። ለጌጥ፣ ለልጆች ሥራ፣ ለመለማመጃ አይከፋም። ነገር ግን ውኃ ያለሰልሰዋል፤ ላዩ በቀለምና በቫርኒሽ ቢሸፈንም መጠጫ አይሆንም። ይህን አስቀድሞ የሚናገር አሠልጣኝ ሐቀኛ ነው፤ ሳይናገር «ስኒ» ብሎ የሚሰጥ ግን ሰልጣኙን እያታለለ ነው። ሌላው መንገድ የአሠልጣኙ እጅ ነው፤ በተለይ በሚሽከረከረው መዘውር ላይ። ጭቃን በመዘውር መሃል ሳይንገዳገድ ማስቀመጥ ብቻውን የሳምንታት ልምምድ ይጠይቃል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጀማሪ ሁሉ የሚያምር ጎድጓዳ ዕቃ ካወጣ፣ ዕቃውን ያወጣው ከጀርባው ጎንበስ ብሎ እጁን የደረበው ሰው ነው። ሰልጣኙም ይህን ያውቀዋል። ፎቶውን ይለጥፋል፣ ተመልሶ ግን አይመጣም። መዘውር ለመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ መቅረብ የለበትም ባይ ነኝ፤ መዘውር በሌለበት ቤት የሚደገም ነገር ስለማያስተምርም ጭምር።

የመፍጠር ፍላጎት የሚመለሰው በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሙከራ ነው። አዋቂ ሰው የመጀመሪያውን ዕቃ ሲሠራ እጁ የተያዘ ነው፤ «ይህን ይዤ ልሄድ ነው» የሚለው ሐሳብ አውራ ጣቱን ያስፈራዋል። ስለዚህ የቅዳሜው ጠዋት ሥራ እንዲህ ቢሆን፦ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ጭቃ ይሰጠው፤ 300 ግራም በሚመዝኑ አምስት ድቡልቡሎች ይክፈለው። ጭቃው የተፈጨ ገል የተቀላቀለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ገሉ እሳት አስቀድሞ ያየ ስለሆነ ሲደርቅ አይጨማደድም፣ የቀረውንም ከመሰንጠቅ ይይዘዋል።

ከዚያ በፊት ግን ማሸት አለ፤ ብዙ ሥልጠናዎች የሚዘሉት። ጭቃውን በመዳፍ ተረከዝ ወደፊት መግፋት፣ ወደራስ መጠቅለል፣ ሩብ ዙር አዙሮ መድገም። ሃምሳ ጊዜ ያህል። ከከረጢቱ በቀጥታ ለወጣ ጭቃ ከዚህም ያነሰ ሊበቃ ይችላል፤ ተመልሶ ለተሠራበት ግን አያንስም። መድረሱን ለማወቅ በሽቦ ለሁለት ቆርጦ ፊቱን ማየት ነው፤ ቀዳዳና የቀለም መስመር ከታየ ገና ነው። እንጨት ላይ ለረጅም ጊዜ ከታሸ ደግሞ እንጨቱ ውኃውን ይመጠውና ጭቃው ሲታጠፍ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ያኔ ማሸቱን ማቆም ይሻላል።

ድቡልቡሉን በግራ መዳፍ ይዞ በቀኝ አውራ ጣት መሃሉን መውጋት፤ ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀር ማቆም። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከታች ጀምሮ መቆንጠጥ፤ በእያንዳንዱ ቁንጥጫ ትንሽ እያዞሩ፣ ቀስ እያሉ ወደ ላይ። ከንፈሩ መጨረሻ ይነካል። ጀማሪ ሁሉ ከከንፈሩ ይጀምራል፤ እዚያ ለጣት ይቀላል። ነገር ግን የሳሳ ከንፈር ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ አበባም ወደ ውጭ ይተረተራል። ስንጥቅ ሲታይ ውኃ መርጨት ሁለተኛው የተለመደ ስህተት ነው። ብዙ ውኃ ግድግዳውን አቅም ያሳጣውና ዕቃው በራሱ ክብደት ይቀመጣል። እርጥብ ጣት ብቻ ይበቃል።

ለእያንዳንዱ ዕቃ አሥራ አምስት ደቂቃ። ከዚያ የሚቀጥለው ሰልጣኞችን የሚያስደነግጥ ቢሆንም ከቀኑ ሁሉ ዋጋ ያለው እሱ ነው፦ ዕቃውን በሽቦ ወይም በዓሣ ማጥመጃ ክር ከአፉ እስከ ታቹ ለሁለት መሰንጠቅ። የተቆረጠው ፊት ጣት የደበቀውን ሁሉ ያወጣል። መቀመጫው ላይ 15 ሚሊ ሜትር፣ ወገቡ ላይ 4 ሚሊ ሜትር መሆኑ የተለመደ ነው፤ አውራ ጣት ታችኛውን እበሳዋለሁ ብሎ ይፈራል፣ ወገቡን ግን ደጋግሞ ይቆነጥጣል። ሁለተኛው ዕቃም ይሰነጠቃል። ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ሲደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ አምስተኛው ላይ «ከንፈሩን ባጠማዝዘውስ? እዚህ ጋ የጣቴን አሻራ ብተወውስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ማስታወቂያው ቃል የገባው መነቃቃት ይህ ነው። የመጣውም አራት ዕቃዎች እንዲጠፉ ስለተፈቀደ ነው። አምስተኛው ይቀመጥ።

አሠልጣኙ በዚህ ሁሉ መካከል የሰልጣኙን ጭቃ መንካት የለበትም። ማሳየት ካለበት በራሱ ጭቃ ላይ ያሳይ። ለአንድ አሠልጣኝ ከስምንት ሰው በላይ ከሆነ ደግሞ ጊዜ ያጥረውና እጁን ማስገባት ይጀምራል።

እሁድ የመገጣጠም ቀን ነው። ጆሮ መለጠፍ፣ እንደ ገመድ የተጠቀለለ ጭቃ እየደራረቡ ግድግዳ ማሳደግ። እዚህ ላይ አብዛኛው ውድቀት የሚመጣው ከእርጥበት ልዩነት ነው። የቅዳሜው ዕቃ በፕላስቲክ አድሮ እንደ ቆዳ ጠንከር ብሏል፤ ዛሬ የተጠቀለለው ጆሮ ግን ገና እርጥብ ነው። እርጥቡ ሲደርቅ ይበልጥ ይጨማደዳልና ከመጋጠሚያው ተላቆ ይቀራል። ስለዚህ ጆሮው ተሠርቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ይጠንክር። ከዚያ ሁለቱም ፊቶች በሹካ ወይም በመርፌ መስቀለኛ ይጫሩ፤ ከዚያው ጭቃ የተሠራ፣ እንደ እርጎ የቀጠነ ጭቃ ይቀባ፤ ተጭኖ ትንሽ ይወዝወዝ። ቀጭኑ ጭቃ ከሌላ ዓይነት ጭቃ ከሆነ ሁለቱ የሚጨማደዱበት መጠን ስለሚለያይ መጋጠሚያው አይጸናም። ሥራው ሲያልቅ ለሁለት ቀን ያህል ፕላስቲክ ውስጥ ይቆይ፤ እርጥበቱ ከአካሉ ወደ ጆሮው፣ ከጆሮውም ወደ አካሉ እየሄደ እኩል እንዲሆን።

ጠፍጣፋ ዕቃ መሥራት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጭቃ እንደሚያስታውስ ይወቅ። የተዳመጠ ጭቃ በአንድ ጠርዝ ተነሥቶ ከታጠፈ፣ መልሰው ቢያቃኑትም ሲደርቅ ወይም እሳት ውስጥ ሲገባ ወደ ታጠፈበት ይመለሳል። ከሥሩ ጨርቅ አንጥፎ ከነጨርቁ ማንሳት ነው። ለእኩል ውፍረት በግራና በቀኝ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት እንጨቶች አስቀምጦ መዳመጫውን በእነሱ ላይ ማሽከርከር ይበቃል።

«ምድጃ ውስጥ ፈነዳ» የሚለው ወሬ ሁልጊዜ በአየር አረፋ ይሳበባል። አረፋ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም፤ ዋናው ውኃ ነው። ውኃ 100 ዲግሪ ላይ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይጨምራል፤ ወፍራም ግድግዳ መሃል ያለ እርጥበት መውጫ ሲያጣ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የወፈረ ነገር አይሠራ፤ ውስጡ ባዶ ሆኖ የተዘጋ ቅርጽ ካለ በመርፌ ይበሳ። መድረቁን ለማወቅ ዕቃውን ጉንጭ ላይ ማስደገፍ ነው፤ ከቀዘቀዘ ውኃ አሁንም እየተነነ ነው። ጥንቁቅ ባለ ምድጃ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ላይ ለብዙ ሰዓታት ያቆየዋል፣ ቀጥሎም እስከ 600 ዲግሪ ድረስ በሰዓት ከ100 ዲግሪ በላይ አያስኬደውም። ጭቃው ውስጥ በኬሚካል የታሰረው ውኃ በዋናነት ከ350 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ርቀት ይወጣል፤ 573 ዲግሪ ላይ ደግሞ በውስጡ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ቅንጣት በድንገት መጠኑን ይለውጣል። ሲቀዘቅዝም ያንኑ ስለሚደግም፣ ለማየት ቸኩሎ ምድጃ የከፈተ ሰው የተሰነጠቀ ዕቃ ያወጣል። ሁሉ ደህና ቢሄድ እንኳ ዕቃው ከመጀመሪያው ከ10 እስከ 13 በመቶ ያህል አንሶ ይወጣል፤ እንደ ጭቃው ዓይነት። ይህ ያልተነገረው ሰልጣኝ «ስኒዬ ተቀይሯል» ብሎ ይከራከራል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰልጣኙ አንድ ግማሽ ቀን ተመልሶ መምጣት አለበት፤ ልባሱን ራሱ እንዲቀባ። ብዙ ቦታ ይህን አሠልጣኙ ይሠራለታል፣ «ምን ቀለም ይፈልጋሉ?» ብቻ ይጠየቃል። ግማሹ ሥራ ተነጠቀ ማለት ነው። ሥራው ረቂቅ እንጂ ከባድ አይደለም። አቧራውን በእርጥብ ስፖንጅ መጥረግ፤ የእጅ ቅባት የነካው ቦታ ልባስ ስለማይዝ እጅን ታጥቦ መግባት። ልባሱ ውስጥ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ መንከር፣ ወይም በብሩሽ ሦስት ጊዜ መቀባት። ከመቀመጫው በላይ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ባዶ ካልተተወ ዕቃው ከምድጃው መደርደሪያ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። የበዛ ልባስ ይፈሳል፣ ያነሰው ይሻክራል። መጠጫ ለሚሆን ዕቃ ደግሞ እርሳስ ያለበት ልባስ በፍጹም አይቀባም።

ተቃውሞው ይገባኛል። ሰው ያለው ሁለት ቀን ነው፤ ከፍሏል፤ የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል። አዘጋጁም በሦስተኛው ሳምንት ሰው ተመልሶ ላይመጣ ይችላል ብሎ ይፈራል፤ የደረቀ ዕቃ ማስቀመጫ መደርደሪያም ቦታ ይፈጃል። መልሴ፣ ጊዜው አይጨመር፣ ይከፋፈል ነው። ቅዳሜ ለሦስት ሰዓት ያህል፣ እሁድም ለሦስት ሰዓት ያህል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ልባስ ለመቀባት ለሁለት ሰዓት ያህል። ሙሉ ሁለት ቀን ጭቃ ላይ መዋል ለጀማሪ እጅ ድካም ነው፤ ከአራተኛው ሰዓት በኋላ የሚሠራው ዕቃ በጥራት ወደኋላ ይሄዳል።

ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ፦ ለሁለቱ ቀን በድምሩ ለአንድ ሰው ስንት ኪሎ ጭቃ ይሰጣል? ከሦስት ኪሎ ካነሰ መድገም አይቻልም። ጭቃው እሳት ይገባል ወይስ በአየር ይደርቃል? ልባሱን የሚቀባው ማን ነው? ምድጃ ውስጥ ቢሰበርስ? «ምንም አይሰበርም» የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል። ወለሉን የሚያጸዱትም በምን እንደሆነ ይታይ፤ የደረቀ ጭቃ በመጥረጊያ ከተጠረገ በውስጡ ያለው የሲሊካ ብናኝ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ለዓመታት የተነፈሰውንም ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ የሚያብስ ቦታ ሥራውን ያውቃል።

ቤት ለመቀጠል የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ ሁለት ኪሎ ጭቃ፣ ያልተቀባ ሰሌዳ፣ ስፖንጅ፣ መርፌ፣ ክርና ለማለስለሻ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ። ጭቃው እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት በሁለት ፕላስቲክ ከታሰረ ለወራት ይቆያል። የእጅ መታጠቢያው ውኃ በባልዲ ይጠራቀም፤ ቧንቧ ውስጥ ከገባ ጭቃው ዘቅጦ ይደፍነዋል። ያልተሳኩት ዕቃዎችና ቁርጥራጮች አይጣሉም፤ እሳት እስካላዩ ድረስ ተመልሰው ጭቃ ይሆናሉ። ለመመለስ ግን መጀመሪያ ድርቅ ማለት አለባቸው። ሙሉ በሙሉ የደረቀ ቁራጭ ውኃ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይፈርሳል፤ ግማሽ እርጥብ የሆነው ግን ለቀናት ቢነከርም መሃሉ እንደ ጓል ሆኖ ይቀራል።