መዋጮ ሲሆን የሚከፈት በር

ወላጅ ትምህርት ቤት ግቢ እንዳይገባ መከልከሉን የሚደግፍ ጽሑፍ አነበብኩ፤ የተከለከለው ማስተማሩ እንዳይረበሽ ነው ይላል። ክፍል ድረስ ሰተት ብለን እንግባ አላልንም እኮ። እኔ እዚህ ደብረ ብርሃን ልጄ ለምን እንደተመታ ልጠይቅ ሄጄ፣ በዚያ የጠዋት ብርድ ጋቢዬን ተከናንቤ አንድ ሰዓት በር ላይ ቆምኩ። ጥበቃው በሩን ገርበብ አድርጎ «ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው እናቴ» አለኝ። የ1994ቱ የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ እኮ ወላጅ መምህር ህብረትን የትምህርት ቤት አስተዳደር አካል አድርጎታል። ወላጅ ካልገባ፣ ትምህርት ቤቱን የሚከታተለው ሱፐርቫይዘር ብቻውን ስንቱን ያያል? ሊመጣ ሲል ደግሞ ወሬው ይቀድመዋል፤ ግቢው ይጠረጋል፣ መዝገቡ ይስተካከላል። የሽንት ቤቱ በር መገንጠሉን የሰማሁት ከልጄ ነው። መዋጮ ሲሆንማ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል!