«ጥሩ ከሆነ ያለ ድጎማ ይሸጣል» ለምትሉ

አሜሪካ ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎች ትሰጠው የነበረውን እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ የግብር ቅናሽ በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ላይ ዘጋችው። መዝጋቷ አንድ ነገር ነው። እኔን ያበገነኝ ተከትሎ የመጣው ማመካኛ ነው፦ «መኪናው ጥሩ ከሆነ ያለ ድጎማ ይሸጣል።»

እሺ፣ የቤንዚኑስ? ጭስ ማውጫው ለሚተፋው ነገር የሚከፍለው ማን ነው? ባለመኪናው አይደለም። መንገድ ዳር የሚያልፈው ልጅ በሳንባው ይከፍላል። ይሄም ድጎማ ነው። ደረሰኝ ስለሌለው ማንም አይቆጥረውም እንጂ።

ድጎማ አይሠራም የሚል ደግሞ ኖርዌይን ይመልከት። ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ባትሪ ብርድ አይወድም፤ በክረምት በአንድ ቻርጅ የሚኬደው ርቀት ያጥራል። በዚያ ላይ ነዳጅ ሸጣ የከበረች አገር ናት። ታዲያ በ2024 እዚያ ከተሸጡት 10 አዳዲስ መኪኖች 9ኙ ገደማ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ። ኖርዌያውያን ከእኛ ይልቅ ለምድር ስለሚያዝኑ ነው? ኧረ ተዉኝ! በ1990 መንግሥታቸው የኤሌክትሪክ መኪና የግዢ ቀረጡን አነሣላቸው። በ2001 ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ አደረጋቸው። በአውቶቡስ መስመር ንዱ ተባሉ። በቤንዚን መኪና ላይ ግን ታክሱ እንደተቆለለ ቀረ። ሰው ሒሳቡን ሠራ፣ የሚያዋጣውን ገዛ፣ አለቀ። ስብከት አላስፈለገም። (ፖስተርማ ተለጥፎ ይሆናል፤ ማን አንብቦት!) ደግሞ ጀምረው አልተዉትም። ያ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት መሸራረፍ የጀመረው በ2023 ነው፤ እሱም በውዶቹ መኪኖች ላይ ብቻ።

«ጭሱን ወደ ኃይል ማመንጫው አዛወራችሁት» የሚሉም አሉ። የቤንዚን ሞተር ከሚጠጣው ነዳጅ አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ አየር ላይ ይበትነዋል። የኤሌክትሪኩ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ጎማው ላይ ያደርሳል። ስለ ብክነት ማውራት ከፈለጋችሁ ከዚያ እንጀምር።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። አፓርታማ ውስጥ የሚኖር፣ መኪናውን መንገድ ላይ የሚያቆም ሰው የት ቻርጅ ያድርግ? እሱ ቢያመነታ አልፈርድበትም። የምፈርደው ቅናሹን ዘግቶ፣ ለቻርጅ ማድረጊያውም ሳይጨነቅ፣ ሽያጩ ገና ዝቅ ሲል «አላልናችሁም? ሰው አልፈለገውም!» ብሎ በሚያጨበጭበው ላይ ነው።